አንድ ኪሎ ሳትጨምሪ

አይደለም፣ ጩኸቱ ከበሩ አይደለም የሚመጣው፣ በሩማ ትናንት አፉን ዘግቷል፣ ይሄኛው ከታች ነው፣ ከካምቢዮው አካባቢ፣ ሽቦ የሚሏት ልጅ ከሁለቱ ወንበሮች ጀርባ ባለችው ጠባብ ቦታ ጉልበቷን ከአገጯ አጋጥማ ተኝታለች፣ የላስቲክ ቱቦውን አንዱን ጫፍ ጆሮዋ ውስጥ ወትፋ ሌላውን ጫፍ በላሜራው ላይ ታንፏቅቀዋለች፣ እዚህ ዝም፣ እዚህ ዝም፣ እዚህ ኡኡታ፣ አገኘሁህ አንተ ሰይጣን፣ ከፊት ባትላሜራው፣ የጋራዡ ላሜራ ቀጥቃጭ፣ ይነዳል፣ ቀስ በል እንጂ ሰውዬ፣ ጉድጓዱን ሁሉ ካልሳምኩ አልክ እንዴ፣ እሱ ግን አይሰማትም፣ ትከሻው ሲዘል ብቻ ነው የምታየው፣ በዚህች መኪና ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም፣ ጉዱ እሱ አይደል እንዴ፣ ለዚህ አይደል እንደ ድንች ጆንያ ተጠቅልላ የተኛችው።

ሰኞ ነው አባቷ መልስ የሚሰጠው። እሺ ወይም እምቢ። ዶክተሩ ሁለቱንም ቁጭ አድርጎ ነገራቸው፣ ካንሰር የያዘው ማንቁርት ከወጣ ይተርፋል፣ ማለቴ ይተርፉ ይሆናል አለ፣ ድምፅ የሚባል ነገር ግን አይኖርዎትም፣ ካልወጣ ደግሞ ያቺ የቀረችው ሹክሹክታ ትቆያለች፣ እርስዎ ግን ብዙም አይቆዩም፣ ይሄን ሁሉ የእስክሪብቶውን ክዳን እየከፈተ እየዘጋ፣ ምርጫው የእርስዎ ነው አባት፣ ምርጫ ይላል ደግሞ፣ ምርጫ ለጫማ ነው፣ አባቷ ኮቱን ያዘና ተነሳ፣ ኮሪደሩ ላይ ምን አሰብክ ስትለው እጁን ወደ ሰማይ ወረወረ፣ ዝናቡን ይሁን እግዜርን አላወቀችም። እሺ በል አባዬ። ድምፅህ ምን ያደርግልኛል፣ ቁጭ በልልኝ እንጂ፣ ግድግዳ እያየህም ቢሆን ቁጭ በልልኝ።

ቤት ውስጥ እንደሆነ አይናገርም። ድሮም አይናገርም፣ አሁን ደግሞ አክስቷ ሻንጣዋን ይዛ መጥታ ሳሎኑን ሞልታዋለች፣ ወንድምዬ ትላለች፣ በሞቴ እሺ በላቸው፣ ታለቅሳለች፣ ትናፈጣለች፣ እንባዋን ሳትጠርግ ስለ ጎረቤቷ ልጅ ትቀጥላለች፣ ሰው መሃል ገብቶ አንድ ቃል የሚያሾልክበት ክፍተት አትተውም፣ ካልተናገርክ ጻፈው እሺ ብላ እስክሪብቶ እጁ ላይ ብታስቀምጥለት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና ፀጉሯ ውስጥ ሻጥ አደረገላት፣ እሷም ሳታስበው በእንባዋ መሃል ሳቀች፣ ሰውዬው እኮ እንዲህ ነው፣ ጻፍ ሲሉት ለመርማሪ ነው የሚጻፈው ይል ነበር።

የሚናገረው እዚህ መኪናዋ ውስጥ ነው። ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ ቀኝ እጁ ማርሹ ላይ ሲሆን፣ ፊቱን ካላየሽው። እናትሽ አረፈች ያላት ዳገቱን ሲወጡ ነው፣ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ወስዷት፣ ምንም ሳይል መንገዱን አጋምሶ። አክስትሽ የምትነግርሽ ነገር አላት፣ ደም ብታዪ አትፍሪ ያላት ኩርባው ላይ፣ እሱን ብሎ ነዳጁን ረገጠው፣ ሁለቱም ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ መንገድ መንገዱን ብቻ አዩ። ያ የሚፈልግሽ ልጅ ጫማው በጣም ንጹህ ነው፣ አይሆንሽም ያላትም እዚሁ፣ እውነትም አልሆናትም፣ ንፁህ ጫማውን አድርጎ ሄደ። ያኔ ድምፁ ከሞተሩ በላይ ነበር፣ ጋራዥ ውስጥ ሲጣራ ከጎዳና ማዶ ያለው ሱቅ ሰውዬ አቤት ይል ነበር።

ባለፈው እሁድ ወጡ፣ እሱ ነው ቁልፉን አንስቶ በአገጩ ነይ ያላት፣ ሊናገር ነው ማለት ነው፣ ከቀጥተኛው መንገድ መጀመሪያ እስከ ኩርባው ድረስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች፣ ረጅም ነገር ነው፣ አባቷ በዕድሜው ያን ያህል አውርቶ አያውቅም፣ ሞተሩ ይጮኻል ላሜራው ይንቀጠቀጣል መስታወቱ ጥርሱን ያፋጫል፣ አንዲት ፊደል አልደረሳትም፣ ምን አልክ አባዬ፣ ምን አልክ፣ ጮኸች፣ እሱ ጉልበቷን መታ መታ አደረገና ማርሽ ቀየረ። በቃ። ሁለት ጊዜ አይናገርም። ያልሰማ አልሰማ ነው ሕጉ፣ በጋራዡም እንዲሁ ነበር፣ ስንቱ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ዕቃውን ጠቅልሎ ወጥቷል።

ዝም ላሰኛት፣ አለችው ከመኪናዋ ሲወርዱ፣ ጩኸቷን ልግደልልህና እንደገና እንውጣ። ቆሞ አሰበ። ከዚያ አንገቷን ስቦ አፉን ጆሮዋ ላይ አደረገ፣ አሸዋ እንደሚፈስ ነው ድምፁ፣ አንድ ኪሎ ሳትጨምሪ አለ። ይሄን ጊዜ ሰምታዋለች። ይቺን መኪና ያቀለላት እሱ ነዋ፣ ለዳገት ውድድር፣ የበሩን ሆድ ዕቃ አውጥቶ፣ የወንበሩን ብረት እንደ ወንፊት በስቶ፣ የመስታወቱን ማውረጃ በቆዳ ማሰሪያ ለውጦ፣ ሌላው ሰው ልጁን ሲያወፍር እሱ መኪና ያከሳ ነበር ትላለች አክስቷ፣ አንድ ቀን ኩርባ ላይ ጃኬትሽን ከኋላ ጥለሻል አላት፣ ዞር ብሎም አላየ፣ ከክብደቱ ነው ያወቀው፣ እውነትም ጥላ ነበር።

ድምፅ መግደል እንደሆነ ማንም ያውቃል፣ ክብደት ከተፈቀደለት ሬንጅ ይቀባዋል፣ ወፍራም ምንጣፍ ይከምርበታል፣ አለቀ፣ ያለ ክብደት ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው የምታሳድጅው፣ የእሷ ሙያ የመኪና ሆድ ማልበስ ነው፣ ወንበር፣ ጣሪያ፣ ወለል፣ ስፌቷን ዓይኗን ጨፍና ትሰፋለች፣ ይሄ ግን ስፌት ብቻ አይደለም፣ ከጋራዡ ጣሪያ ላይ ሚዛን አንጠልጥላለች፣ የሚወጣው ይመዘናል፣ የሚገባው ይመዘናል፣ የሚገባው ከወጣው አይበልጥም። መጀመሪያ ከወለሉ ስር ያለውን አሮጌ የሱፍ ንጣፍ አወጣች፣ የስንት ክረምት ውሃ ጠጥቶ እንደ እርጥብ በግ ከብዷል፣ የደረቀውን ሬንጅ በመሮ ፈለጠች፣ ጎበዝ፣ አሁን የምንጫወትበት ኪሎ አገኘን። ከሞተሩ ወደ ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በጎሚኒ ላስቲክ ደፈነች፣ የበሩን ላስቲክ ቀየረች። ላሜራውን በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች፣ የሚዘፍንበት መሃሉ ላይ መዳፍ የማታክል ልጥፍ ትለጥፍበታለች፣ ዝም ይላል፣ ከበሮ ላይ ጣት ሲያርፍ እንደሚለው፣ ሁሉን መሸፈን አያስፈልግም። ጭስ ማውጫው ደግሞ አንዲት ቦታ ላይ ወለሉን ይነካ ኖሯል፣ መንካት ብቻ፣ ማንጠልጠያውን ስትቀይርለት የጩኸቱ ግማሽ ውልቅ ብሎ ሄደ፣ ባትላሜራው መዶሻውን እንደያዘ ቆሞ ያያታል፣ መኪና ነው ወይስ ሕፃን የምታስተኚው፣ እሹሩሩ በያት እንጂ አንደኛሽን፣ ዝም በል፣ ያንን ብረት አቀብለኝ።

የዛሬው ደግሞ ይኸው፣ የማርሹ ዘንግ ከወለሉ የሚወጣበት ቆዳ ከስሩ ተተርትሯል፣ ጩኸቱ እሱን ይዞ ነው የሚወጣው። በስስ ቆዳ ድርብ አድርጋ አዲስ ሰፋችለት፣ አሮጌውንና አዲሱን መዘነች፣ እኩል ናቸው፣ እሰይ። ባትላሜራውን እንደገና አስነዳችው፣ አሁን ከጎኑ ተቀምጣለች፣ እስቲ አንሾካሹክ፣ ምን ልበል፣ የመጣልህን፣ ሻይ አምሮኛል አለ በሹክሹክታ፣ አንቺ ደግሞ ነዝናዛ ነሽ። ሰማች። ቃል በቃል ሰማች፣ ነዝናዛስ አንተና ዘርህ አለችው፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እሱ ቅር ያላት መስሎት ኧረ ስቀልድ ነው ይላል፣ ስቀልድ እኮ ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረባት።

ግን ባትላሜራው ሳንባው የበሬ ነው፣ የአባቷ ሹክሹክታ የእሱን ሩብ አያክልም፣ አንዲት ቃል ብታመልጠኝስ፣ ያቺው ቃል ብትሆንስ የምታመልጠኝ፣ ደግሞ ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ ማርሽ ቢቀይርስ፣ ሚዛኑን ታያለች፣ የወጣውና የገባው ተካክሏል፣ የቀረ ኪሎ የለም። ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣባት፣ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው፣ ቀበቶው ትዝ አላት፣ በራሷ ወስፌ ቀዳዳ እየጨመረችለት ነው የቆየችው፣ ሸሚዙን ስታየው መስቀያ ላይ ያለ ይመስላል፣ ሐኪም ቤት ሚዛን ላይ ሲወጣ ነርሷ ቁጥሩን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፣ ሾፌሩ ቀልሏል፣ ሾፌሩ ከቀለለ መኪናዋ ቀልላለች፣ እሱ የጎደለውን ያህል ቢገባባት ኩርባው ላይ አያውቀውም። ምን ዓይነት ሰው ነሽ። የአባቷን ሥጋ በኪሎ የምታሰላ ምን ዓይነት ልጅ ናት፣ ቱ፣ ራሷን ትራገማለች፣ እጇ ግን መቀሱን አንስቷል፣ አዲሱን ደረቅ ንጣፍ ይቆርጣል፣ ሚዛኑ ላይ ይከምራል፣ ቁጥሩ ከእሱ ወደ ጎደለው ክብደት እየተጠጋ ይወጣል፣ ይሄ ትከሻው፣ ይሄ ሆዱ፣ ይሄ ጉንጩ።

ባትላሜራው መጥቶ ሚዛኑን አየ። ይሄኛው ደግሞ በየትኛው ሒሳብ ነው። በሰውዬው፣ አለችው። በየትኛው ሰውዬ፣ ሊል ጀመረና ገባው፣ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው፣ ከዚያ የንጣፉን ሌላ ጫፍ ያዘላት፣ ከወለሉ ስር፣ ከጣሪያው ውስጥ፣ ከሞተሩ ግድግዳ ላይ፣ ሁለቱ ሆነው አለበሱት። ስትጨርስ ቁልፉን አዞረች፣ ሞተሩ አልነሳ አላት፣ እንደገና አዞረችው፣ ብረት ከብረት ተፋጨ፣ ለካ ተነስቷል፣ ቀድሞ ተነስቶ ኖሯል፣ አልሰማችውም። ሳቀች። ይግረምህ አባዬ ብላ ብቻዋን መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች፣ የሚያስቅ ነገር መስሏት።

እሁድ። የአባቷን ሸሚዝ ቁልፍ ትቆልፍለታለች፣ የካንሰሩ መድኃኒት የጣቶቹን ጫፍ ገድሎበታል፣ የእግሩንም መዳፍ፣ ፍራሽ ላይ የምራመድ ይመስለኛል ብሏል፣ አክስቷ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሰው በዚህ ሁኔታ ታስነጂዋለሽ እንዴ፣ እብድ ነሽ፣ እብድና እብድ ተገናኝታችኋል ትላለች፣ መሐረቧን ስትፈልግ ሁለቱም ሾልከው ወጥተዋል። ሰውነቱ ወንበሩ ውስጥ ይገባል፣ ወንበሩ ሰፍቶታል፣ እጁን መሪው ላይ ሲያደርግ ግን ያው ነው፣ ያው አባቷ፣ አገጩ ከፍ ይላል። ተናገር እንግዲህ። ቀጥተኛው መንገድ ጀመረ፣ ጆሮዋ ብቻ ሆናለች፣ ሲተነፍስ ይሰማታል፣ የትንፋሹ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሿ ፉጨት ሳትቀር ትሰማታለች፣ በሕይወቷ እንዲህ ቀርቦ ሰምታው አታውቅም፣ ተናገር አባዬ፣ መንገዱን ጠርጌልሃለሁ።

አይናገርም። ዳገቱ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ናቸው፣ መቀየር ነበረበት፣ አይቀይርም፣ ሞተሩ ከወንበሯ ስር ሲጨነቅ በጭኗ ይታወቃታል፣ ቀይር እንጂ፣ ምን ሆኖ ነው፣ እሱ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ የሚፈልገው ነገር እንዳለው ሰው ግራ ቀኝ ያያል፣ ከዚያ ድንገት ቀየረ፣ ዘሎ አራተኛ ከተተው፣ በዳገት፣ መኪናዋ ተንዘፈዘፈች፣ ደከመች፣ ቆመች። ከኋላ የጭነት መኪና ክላክስ ነፋ፣ ተሳድቦ አለፋቸው። አባቷ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ እሱ ግን እንደገና አዞረው፣ ፍጭጭ አለ፣ እንደገና፣ ኧረ ተነስቷል፣ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፈ፣ ሊዳስሰው፣ መዳፉ ግን ሞቷል፣ ያኔ ነው የገባት፣ ወይኔ፣ ወይኔ ሰውዬው በጆሮው ነው የሚነዳው፣ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ጌጅ ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ ለምን ይሠራል፣ ጆሮ አለኝ አይደል ይል ነበር፣ እግሩ አይነግረው፣ እጁ አይነግረው፣ የቀረው ጆሮው ብቻ ነበር፣ እሱንም እኔ ደፈንኩት፣ እያንዳንዷን ቀዳዳ እየፈለግኩ በራሴ እጅ ደፈንኩት። ዞሮ አያት። በዚህች መኪና ውስጥ ፊቷን አይቶ አያውቅም፣ አሁን ሙሉ ፊቱን አዙሮ አያት፣ ዓይኑ ውስጥ ያለው ፍርሃት ነው፣ የአባቷ ፍርሃት ይህን ይመስላል ለካ።

ተነስቷል እንዴ፣ አለ።

ሰማችው፣ ጥርት ብሎ። ተነስቷል አባዬ።

ቀስ አድርጎ ወደ መንገዱ ጠርዝ አወጣት፣ አንደኛ ላይ፣ እሷ በቃ፣ ትንሽ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፣ እሺ፣ እያለችው፣ ልጅ እንደሚያስተምሩ። ሞተሩን አጠፋ። ድምፁን የት አደረግሽው፣ አለ። እንድሰማህ ብዬ ነው፣ አለች፣ ባለፈው ተናግረህ አልሰማሁህም፣ አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። አንገቱን ነቀነቀ፣ አልተቆጣም፣ ምነው በተቆጣ፣ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ውጪ በተባለች።

ባለፈውማ፣ አለ፣ እሺ እላቸዋለሁ ነው ያልኩሽ።

እንዴ።

ይቁረጡት፣ ሰው ያለ ድምፅም ይኖራል፣ እጅ አለኝ፣ እግር አለኝ፣ ልጄ አለችኝ፣ እንዲህ እንዲህ አልኩሽ፣ ረጅም ነበር፣ ያረፍኩ ነው የመሰለኝ ስጨርስ። ትንፋሹን ሰበሰበ። የማላውቀውን ነገር ነው ያወራሁት፣ ያለ ድምፅ መኖር እንዲህ መሆኑን አላውቅማ፣ አሁን አወቅሁት። አይሆንም ሽቦዬ። ሰኞ እምቢ ነው የምላቸው።

አይ፣ አይ አባዬ፣ ይሄ መኪና ነው፣ ይሄ እኮ ንጣፍ ነው፣ አበዛሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሁን አወጣዋለሁ፣ እየው፣ እግሯ ስር ያለውን የምንጣፍ ጠርዝ በጥፍሯ ይዛ ትጎትታለች፣ ራሷ የሰፋችው ስፌት ነው፣ አይበጠስም፣ በጥርሴም ቢሆን እበጥሰዋለሁ፣ ታገሰኝ፣ ከዚያ ነድተህ ታየዋለህ፣ ያው ነው፣ የድሮው ነው፣ ከዚያ እሺ ትላለህ፣ ትላለህ አይደል፣ ታለቅሳለች፣ እንደ አክስቷ ትናፈጣለች፣ ጥፍሯ ተሰብሯል፣ እሱ እጁን እጇ ላይ አደረገ፣ ጣቶቹ እጇን ማግኘታቸውን ለማወቅ ማየት ነበረበት፣ አየና ያዛት። ተይው፣ አለ፣ ስፌቱ ያምራል። ከዚያም በሩን ከፍቶ ወረደ፣ የመኪናዋን ኮፈን እየተደገፈ ዞረ፣ በእሷ በኩል መጥቶ ቆመ፣ አንቺ ንጂ።

ትነዳለች። ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። አንድ ቃል ነበር የፈለገችው፣ አገኘችው፣ ከዚያ በኋላ ዝም የሚል መስሏት ነበር፣ እሱ ግን ይናገራል፣ ቆጥቦ እንዳቆየው ሰው፣ ስለ ምንም፣ ስላገኘው ሁሉ፣ ወንበሩን ወደ መሪው በጣም አስጠግተሽዋል ይላል፣ ያ ድልድይ ሲሠራ እዚህ ጋ ወንዝ ነበር፣ አክስትሽ ስታንኮራፋ ሰምተሻታል፣ አባታችንን ነው የመሰለችው፣ ያ ውሻ አንድ እግሩን ያነክሳል አየሽው፣ ትሰማለች፣ እያንዳንዷን ትሰማለች፣ የምታመልጣት የለችም፣ በቃህ አባዬ ልትለው ትፈልጋለች፣ እንዳትጨርሰው፣ በሞትኩት ለሌላ ቀን አስቀምጠው፣ አትለውም፣ እግሯን ከነዳጁ ታነሳለች፣ ቀስ ይበል፣ ቤት አይድረሱ፣ የእነዚህ ሰዎች ጣሪያ ቀለም ይፈልጋል ይላል፣ አዎ ትላለች፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ አዎ፣ ልጃቸው ውጭ አገር ነው አሉ፣ የሚቀባላቸው የለም መሰለኝ፣ አዎ አባዬ፣ እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል፣